ሃሴት የጠየቀችህ ቀን

ሳን ሆዜ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2015

ውድ ወንድሜ እንዳልካቸው፣

ከቀበርንህ ሰባት ወር ሊሞላ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምለው ጠፍቶኝ አይደለም። በሕይወት እያለህ ያልነገርኩህን አሁን ብጽፈው ለማን ይጠቅማል እያልኩ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ልጄ ናታን አንድ ነገር ጠየቀኝ። ለሱ ከመመለሴ በፊት ላንተ መናገር ያለብኝ መሰለኝ።

ከ2008 ኦክቶበር ልጀምር። እሑድ እሑድ ከኦክላንድ በባርት ባቡር እስከ ፍሪሞንት ትመጣና እኔ በመኪና እቀበልህ ነበር። ናታንን እርጉዝ ነበርኩ፤ ልጄ ሃሴት ሰባት ዓመቷ ነበር። ያን ቀን ገና የመኪናውን በር ሳትዘጋው፣ «እትዬ፣ ግሬግ የቤት ደባሌ ብቻ አይደለም» አልከኝ። አዲስ ነገር አልነገርከኝም፤ አውቅ ነበር። ግን እስክትናገረው ድረስ እንዳላወቅሁ ሆኜ መኖር እችል ነበር። ሚልፒታስ ከተማን እስክናልፍ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም። አንተ ጉልበትህን ይዘህ ትጠብቃለህ። በመጨረሻ፣ «ልጄ ፊት እንዳታነሣው። ሌላ ምንም አልልህም» አልኩህ።

«እሺ» አልክ።

ራሴን እንደ ደግ ሰው ቆጠርኩ። አልጮኽኩም፣ ከቤቴ አልከለከልኩህም፣ ለእማማም አልጻፍኩም። ቤት ስንደርስ ግን ማንደፍሮ በዚያው ሳምንት ሣሩ ላይ የተከለው ሰሌዳ ቆሟል። ትዝ ይልሃል፣ ያን ኖቬምበር ሕዝቡ የወንድና የወንድ፣ የሴትና የሴት ጋብቻ ይከልከል ወይስ አይከልከል ብሎ ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ የባሌ ሰሌዳ ይከልከል የሚለው ነው። ሰሌዳው ላይ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ተስለዋል። ቆመህ እስከ መጨረሻው አነበብከው። ከዚያ ገብተህ ሃሴትን የቤት ሥራዋን አሠራሃት።

በማርች ናሚቢያ ሥራ ማግኘትህን ነገርከኝ። በርክሌ ዩኒቨርሲቲ የተማርከው የዱር እንስሳት ጥበቃ ስለሆነ ሊገርመኝ አይገባም ነበር። የሚጠበቀው ጥንብ አንሳ መሆኑን ስትነግረን ግን ቤቱ በሙሉ ሣቀ። ማንደፍሮ፣ «ሰው ከአሜሪካ ተነሥቶ አፍሪካ አሞራ ሊጠብቅ ይሄዳል?» አለ። እኔም ሣቅሁ። ኤርፖርት ያደረሰህ ግሬግ ነው። እኔ ናታን ገና አራስ ልጅ ነው ብዬ ቀረሁ። ናታን ያኔ የሦስት ወር ልጅ ነበር።

ሁለት ዓመት ብለህ ከአምስት ዓመት በላይ ቆየህ። ግሬግ የነርስነት ሥራውን ይዞ ኦክላንድ ቀረ፤ በየዓመቱ ፈቃዱን እያጠራቀመ አንተ ጋ ይመጣ ነበር። ይህንን የሰማሁት ከሞትክ በኋላ ነው። ለኔ በስልክ የምታወራኝ ስለ ሥራህ ብቻ ነበር። አዳኞቹ ዝሆን ሲገድሉ ሬሳው ላይ መርዝ ይረጫሉ፤ አሞራው ሰማይ ላይ ሲዞር ጠባቂዎቹ አይተው እንዳይደርሱባቸው። አንድ ጊዜ አንድ ዝሆን አጠገብ ከሰማንያ በላይ አሞራዎች ሞተው አግኝታችሁ፣ ሌላ እንስሳ እንዳይበላቸው ቀኑን ሙሉ ስታቃጥሉ እንደዋላችሁ ነገርከኝ። ድምፅህ ደክሞ ነበር። «ለነዚህ የሚያዝን ሰው የለም እኮ፣ እትዬ» አልክ። እኔ ምሳ በልተህ እንደሆነ ጠየቅሁህ።

አሁን ሁለታችንም ወደምናውቀው ቀን ልምጣ። 2011 ነው፣ ሃሴት አሥር ዓመት ሞልቷታል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን ከፍታ በስካይፕ ታወራሃለች፤ እኔ ከጀርባዋ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ግራር ጫፍ ላይ ያለ ጎጆ ፎቶ አሳየሃት። ጥንብ አንሳ ጥንድ ጥንድ ሆኖ እንደሚኖር፣ አንዱ ምግብ ሲፈልግ አንዱ ጫጩቱን እንደሚጠብቅ አስረዳሃት። እሷም እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ «ያንተስ ጥንድ ማን ነው?» አለችህ።

ቢላዬ ቆመ። ከዚያ በአማርኛ፣ «እናትሽን ጠይቂያት፣ እሷ በደንብ ትነግርሻለች» አልካት።

አሁን ሳስበው በሩን የከፈትክልኝ ያን ጊዜ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቃልህን ጠብቀህ፣ መናገሩን ለኔ ተውክልኝ። ሃሴት ዞራ አየችኝ። ፈራሁ፣ እንዳሌ። ሰው ምን ይላል ከሚለው ይልቅ እሷ ቀጥላ የምትጠይቀኝን ፈራሁ። «አጎትሽ ጥንድ የለውም፤ ሥራው ነው ሚስቱ» አልኩ፣ እየሣቅሁም ጭምር። አንተ ከስክሪኑ አንገትህን ደፋህ። ትንሽ ቆይተህ ኔትወርኩ እያስቸገረ ነው ብለህ ዘጋኸው። ምንም አላስቸገረም ነበር።

ባለፈው ጁላይ የተመረዘ የአሞራ መንጋ ቆጥራችሁ ስትመለሱ መኪናችሁ ጠጠር መንገድ ላይ ተገለበጠ። የነገረኝ ግሬግ ነው፤ ፋርማሲ ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለ። የሥራ ፎርምህ ላይ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ብለህ የሞላኸው እሱን ነበር። ሄዶ አስከሬንህን ያመጣውም እሱ ነው። ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን የሕይወት ታሪክህ ሲነበብ ግን ስሙ አልተጠራም። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ትዳር ሳይመሠርት በሥራው ላይ እንዳለ አረፈ» ብዬ ነው የጻፍኩት።

ይህ ሲነበብ ሃሴት ከጎኔ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከሴቶች ወገን ወደ ወንዶች ወገን ተሻግራ፣ በሰው መሀል እስከ ኋላ ሄደች። ግሬግ ጫማውን በእጁ ይዞ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አጠገቡ ቆመችና እጁን ያዘች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። እኔ አልዞርኩም፤ ማን ጋ እንደሄደች ሳላይ ዐውቄዋለሁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ጠየቅኋት። ስካይፕ ላይ አንገትህን ስትደፋ እንደገባት ነገረችኝ። ዋሽቼሻለሁ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። መልሷን በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፤ ቃሏን ግን ላንተ በኛ ቋንቋ ልጻፈው፦

«የዋሸሽኝ አይደለም የሚያናድደኝ። እሱ እየሰማ ነው ያልሽው።»

ከዚያ ወዲህ ከኔ ጋር ብዙ አታወራም። ወር በገባ ቅዳሜ ግሬግ ጋ ትሄዳለች፤ ያንተን ማስታወሻ ደብተሮች አብረው ያነባሉ። ባለፈው ሳምንት ከዚያ አንድ ፎቶ አምጥታ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈች፤ አንተና ግሬግ፣ አንድ ትልቅ አሞራ ለሁለት ይዛችሁ ክንፉ ላይ ቁጥር ስታስሩ። ማንደፍሮ አየው፤ ግን አላወረደውም። ዛሬ ጠዋት ናታን ወተት ሊያወጣ ሄዶ፣ «ይሄ ሰውዬ ለአጎቴ እንዳሌ ምኑ ነው?» አለኝ። ቆይ ብዬው ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

እስከዚህ ጽፌ ተነሣሁ። አሁን ተመልሼ ነው።

ነገርኩት። እንዴት እንደምጀምረው ስንት ዓመት ተጨንቄ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሆኖ አለቀ። «ይዋደዱ ነበር። እኔና አባትህ አብረን እንደምንኖረው አብረው ይኖሩ ነበር። ሁለት ወንዶችም እንደዚያ ይዋደዳሉ» አልኩት። የፈራሁትን አንዱንም አልጠየቀኝም። ፎቶውን ትንሽ ሲያይ ቆየና፣ «ታዲያ አሁን ግሬግ ማን አለው?» አለኝ።

ሰባት ወር ሙሉ ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም ነበር።

የግሬግን ስልክ ቁጥር ከሃሴት ተቀብዬ ደወልኩለት። ድምፄን ሲሰማ ማን እንደሞተ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። ደህና ነህ ወይ ልልህ ነው የደወልኩት አልኩት። «አንድ ቀን እንዲህ ብለሽ እንደምትደውይልኝ ወንድምሽ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ አላመንኩትም» አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ እኛ ጋ ምሳ እንዲበላ ለመንኩት። ልቡ እርግጠኛ እንዳልሆነ፣ እንደሚያስብበት ነግሮኝ ዘጋ።

ላይመጣ ይችላል። ባይመጣም በሚቀጥለው እሑድ እንደገና እደውላለሁ፤ ይህን ቃል የምሰጠው ላንተ ነው። ምን እንደመለሰልኝ ብታውቅ ደስ ይልህ ነበር፣ ላንተ ግን አሁን መደወል አልችልም።

እትዬ ስትላት የኖርካት፣
ውብዳር