ከመድኃኒት ቤቱ ፊት አትቁሚ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ትናንት ደውለህ «ቅዳሜ ሰልፍ እንወጣለን፤ የፀጉር ቤቱን ልጆች ይዘሽ ነይ» ስትለኝ እሺም እንቢም ሳልል ዘጋሁት። ኔትወርክ መስሎህ ይሆናል። አይደለም።

የአምናው ሰልፍ ጠዋትም ደውለህ ነበር። «ከመድኃኒት ቤቱ ፊት አትቁሚ፤ ወደ ፖስታ ቤቱ ጠጋ በይ» አልከኝ። ፀሐይ እንዳይመታኝ ያሰብክልኝ መስሎኝ አንጀቴ ራሰ። አብራኝ ፀጉር የምትሠራው ሳቂታዋ ግን «ጋሼን በቅርብ ልስማው» ብላ ወደ መድኃኒት ቤቱ አለፈች። አንተ መኪና ላይ ቆመህ በድምፅ ማጉያ «ወደፊት» ትል ነበር። ተኩስ ሲከፈት ግን ቀና ብል መኪናው ላይ የለህም። ሳቂታዋ እግሯን ተመትታ መድኃኒት ቤቱ ፊት ወደቀች።

ሆስፒታል ፎቶ አንሺ አስከትለህ መጣህ። እጇን ይዘህ አለቀስክ። እንባህን አላማሁትም፤ ፎቶ አንሺው «ትንሽ ወደ ብርሃኑ» ሲልህ ዞር ስትልለት ግን አየሁ። ኮሪደር ላይ ጠበቅኩህ።

«እዚያ ጋ እንደሚተኮስ በምን አወቅክ?»

«ወሬ ሰማሁ።»

«ከማን?»

«ትግል ውስጥ ሁሉ ነገር አይጠየቅም።»

«ለእኔ የነገርከኝን ለሌላው ለምን አልነገርክም?»

ጫማህን አየህ። «ብነግር ማን ይወጣ ነበር?» አልከኝ።

ከዚያ ወዲህ ካንተ የሚመጣ ነገር ሁሉ ይጎረብጠኛል። ደህና አደርሽ ስትለኝ እንኳ ከጀርባው ምን አለ እላለሁ። እናታችን «የአንድ ማህፀን ልጆች ናችሁ፣ ነገር አታክርሪ» ትለኛለች። እኔ እኮ ሥራ ዘግቼ የምወጣ፣ ድምፄ እስኪዘጋ የምጮህ ነበርኩ። የጮህኩለትን ነገር ዛሬም አልጠላሁትም። የሚያስጮኸኝን ሰው ነው የጠረጠርኩት። ከአንተ በላይ ሆኖ አንተንም የሚያስጮህህ ይኖር ይሆን?

ሳቂታዋ አሁን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው የምትሠራው። የቅዳሜውን ከደንበኛ ሰምታ ክራንቿን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና «ጋሼ ከጠራን እኔ አልቀርም» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ እየሳቀች። የደንበኛዬ ፀጉር ሳይጎነጎን እጄ ላይ ቀረ።

ዓርብ ሥራ ስንጨርስ የማውቀውን ሁሉ እነግራታለሁ። ከዚያ በፊት መጥተህ አንተው በራስህ አፍ ብትነግራት ለሁላችንም ይሻላል። ካልመጣህ ግን ታናሽነቴም ሆነ የእናታችን ልመና አያስቆመኝም። ትቅር ወይም ትውጣ፣ ውሳኔው የእሷ ነው። ብትወጣም አውቃ ትውጣ።

እስከ ዓርብ በሩ ክፍት ነው።

እህትህ