የሻለቃ ወንበር

ውድ ወንድሜ፣

በስልክ «እስክመጣ ጠብቁኝ» አልከኝ። አልጠብቅህም። ይቺን ስታነብ ውሻህ ሻለቃ አይኖርም፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።

ለሥራ ከሄድክ በኋላ የበላውን ሁሉ እንዳለ ይመልስ ጀመር። እማዬ «ናፍቆት ነው፣ ልጄን አጥቶ ነው» አለች። ሁላችንም አመንናት። ያን አሮጌ ሰማያዊ ሸሚዝህን አነጠፈችለት፤ ሥጋ እየቆራረጠች «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያለች ትለምነው ነበር። እሱም ሊያስደስታት ይበላል፤ ወዲያው ይመልሰዋል። እኛ ናፍቆት ስናስታምም አጥንቱ ወጣ።

የእንስሳት ሐኪሟ ራጅ አንስታ አሳየችን። የምግብ ቧንቧው ላልቷል፤ ላስቲኩ እንደሞተ ካልሲ። ምግቡን ወደ ሆዱ የሚገፋበት አቅም የለውም። «በሽታው አይድንም። ግን ቀጥ ብሎ ከበላ፣ ከበላም በኋላ እንደዚያው ከቆየ፣ ዓመታት ሊኖር ይችላል» አለች። «የምፈራው ሳንባውን ነው። ምግቡ ወደዚያ ከገባ እሱ ነው የሚገድለው።»

«ውሻ ውሻ ነው፣ ቤት አይገባም» ይል የነበረው አባታችን፣ አናጢ አይደል፣ ከበር በተረፈ እንጨት ወንበር ሠራለት። ጠባብ፣ ከፊት መደገፊያ ያለው፣ እንደ ሕፃን ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ። «ሻለቃ፣ ተጠንቀቅ!» ሲለው ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል። ምግቡ እስኪወርድ ድረስ አባዬ አገጩን ይዞ ደንበኞቹን ያማለታል። ለእኛ እንኳ እንዲያ አውርቶ አያውቅም። እውነቴን ነው፣ ቀናሁ። ውሻው ሥጋ አወጣ፤ እኛም ተስፋ አደረግን።

ከዚያ ሳንባው ተያዘ። ዳነ። ደግሞ ተያዘ። አሁን መድኃኒቱም እምቢ ብሏል። ተኝቶ መተንፈስ ስለማይችል አፉን ከፍቶ ቆሞ ያድራል፤ እግሩ ሲዝል ይወድቃል፣ ተመልሶ ይነሳል። «ይሻለው ይሆን?» ብላት ሐኪሟ ራሷን ወዘወዘች። የአንተ መምጫ ደግሞ ገና ነው። አንተ እንድትሰናበተው ብዬ እሱን በዚህ ስቃይ ላቆየው አንጀቴ አልቻለም።

ዛሬ ከሰዓት ሐኪሟ የሚያሳርፈውን መርፌ ይዛ ትመጣለች። አባዬ «በራሱ ሞተ በይው፤ ልጁ ይቀየምሻል» አለኝ። አልዋሽህም፤ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። መቀየም ካለብህ እኔን ተቀየም። አባዬ ወንበሩ ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ እንደለመደውም ያወራለታል።

እማዬ ግን አሁንም «ራጁ ምን ያውቃል፣ ናፍቆት ነው» ትላለች። ትናንት ሸሚዝህን ልጠበው ብዬ ስስበው፣ ያ ሁሉ ድካም እያለበት፣ በጥርሱ ይዞ እምቢ አለኝ። ተውኩለት። ስትመጣ ሸሚዜ የት ገባ እንዳትለኝ፤ በእሱ ጠቅልለን ነው የምንቀብረው።

እህትህ