የጄቱ ታንክ

ሐሙስ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ልጄን ማርታን ይዞ መጣ። የኩልፎ ወንዝ ውሃው ስለጎደለ እሑድ በእኔ ታንክ እናጥምቅ ብሎ ለመነኝ። ማርታም ከሚጠመቁት አንዷ ናት።

ታንኩ ድሮ የጦር ጄት ክንፍ ሥር የሚንጠለጠል የነዳጅ መያዣ ነበር። አሮጌዎቹ ጄቶች ለብረት ሲሸጡ ገዝቼ ለሁለት አሰነጠቅሁት። ከሃያ ዓመት በላይ ሙዝ አጠጥቼበታለሁ።

«ነዳጅ ይሸታል» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ! ከእርስዎ አፍንጫ በቀር ለማንም አይሸትም» ብሎ ሳቀ።

«እማዬ እኮ በሱ ነበር የምታጥበኝ» አለች ማርታ።

እውነቷን ነው። ሚስቴ በሕይወት ሳለች ለእኔም አይሸተኝም ነበር።

ወታደር ሳለሁ ለጄቶቹ ነዳጅ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ሞልቼ እሰዳቸዋለሁ፣ ባዶ ሆነው ይመለሳሉ። የሚደበድቡት መንደር ነው ይሉ ነበር ጓደኞቼ። እኔ አንድ ቀንም ጠይቄ አላውቅም።

እምቢ ብዬ ሽማግሌውን ሸኘሁት። ማርታ ግን አልሄደችም።

«አባዬ፣ ምክንያቱን ንገረኝና እኔው ራሴ ሐሳቡን አስተዋቸዋለሁ» አለችኝ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን «ሂጂ ሙዙን አጠጪ» አልኳት።

ባልዲዋን ታንኩ ውስጥ ስትነክር ላለማየት ፊቴን አዞርኩ።