ኳሱን ይውሰዱ፣ የልጄን ቀልብ ይመልሱ

ሮተርዳም ዙይድ፣ ሰኔ 16 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዓለማየሁ ሽባባው፣ የ«ማስ ጉማሬዎች» የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ መሥራችና ሊቀመንበር፣ ስልክ ሲደወልልዎ በማይገኙበት ሁሉ።

ለክብርዎ የሚገባውን ሰላምታ ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ነው እላለሁ። በተለይ ራስዎን እንዴት ነዎት? አያዞርዎትም? መጋረጃ ሲገለጥ ብርሃኑ ዓይንዎን አይወጋዎትም? ከሜትሮ የሚወርዱበትን ፌርማታ ያስታውሳሉ? እግዚአብሔር ይመስገን። እኔም በበኩሌ ደህና ነኝ። እንዲህ አጥብቄ መጠየቄ ክፉ አስቤ ሳይሆን፣ ጤና የሚባለው ነገር ከምን ከምን እንደሚሠራ በዚህ ወር ቤቴ ድረስ መጥቶ ስላስተማረኝ ነው።

ይህን በማኅበራችን የፌስቡክ ገጽ ላይ ለሚያነቡና ለማያውቁኝ ሁሉ፣ እኔ የናቲ እናት ነኝ። አዎ፣ የዚያ የናቲ። ከሜዳው ዳር ተነሥቶ እየበረረ፣ ከሩቅ የሚወረወርለትን እንቁላል የመሰለ ኳስ ከአየር ላይ የሚቀልበው፣ እናንተ «ዋይድ ሪሲቨር» የምትሉት፣ ልጃገረዶቹ ስሙን በጉንጫቸው ላይ የሚጽፉት ናቲ። መጀመሪያ ፉትቦል ልጫወት ነው ሲለኝ እኔ ሞኟ የእግር ኳስ ጫማ ገዝቼ ሰጠሁት። የራስ ቁር እንደሚያስፈልገው የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነግረኝ ኖሮ ራስ ላይ ቁር የሚያስደፋ ጨዋታ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ብዬ ያኔውኑ በጠየቅሁ ነበር።

ክቡርነትዎ ባለፈው እሑድ በማኅበሩ ግብዣ ላይ መነጽርዎን አስተካክለው፣ «የዚህ ቡድን ከአራት እጅ ሦስቱ ናቲ ነው፤ ያለ እሱ ዋንጫ የለም» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እናቶች አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ምክንያቱም የዚያ ንግግር ትርጉም፣ ሐኪም አትጫወት ያለችው ልጄ በመጪው እሑድ ዴን ሃግ ላይ ለፍጻሜው ይሰለፋል ማለት ነውና። ስለዚህ አንዲት እናት አድርጋው የማታውቀውን ላደርግ ተነሥቻለሁ፤ ልጄ ለቡድንዎ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም እንደሌለው በትሕትና ላስረዳዎ ነው።

አንደኛ። ኳስ በራሷ እግር መጥታ ልጄ እጅ ላይ አታርፍም። የሚወረውር አላት። ወርዋሪውም እስኪወረውር ድረስ ከፊቱ ቆመው እንደ በር የሚመክቱለት አምስት ግዙፍ ልጆች አሉ። ከእነሱ አንዱ የፀዳለ ልጅ ፊልሞን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሲገፋና ሲገፈተር ከርሞ፣ በግብዣው ላይ ስሙን እንኳ አልጠሩትም፤ የጠሩት ወንበር እንዲደረድር ብቻ ነበር። ፊልሞን ለአፍታ ቢያነጥሰው ወርዋሪው ይወድቃል፣ የእኔም ጉደኛ ባዶ እጁን ሲሮጥ ይውላል። ታዲያ ሦስት እጅ ያሉት ሒሳብ ከየት መጣ? ፀዳለ ጠይቂልኝ ብላኛለች።

ሁለተኛ። እኔን ካላመኑኝ ውጤቱን ይመኑ። ቭላርዲንገን ላይ ናቲ የተወረወረለትን ሁሉ ቀለበ፣ ሁለቴም አገባ፣ ሰው ሁሉ አበደ፤ ተሸነፋችሁ። ፈተና ስለነበረበት ዴልፍት ሳይሄድ የቀረ ጊዜ ግን አሸንፋችሁ ዘፈን እየዘፈናችሁ ተመለሳችሁ። ያን ዕለት ቪዲዮ አልለጠፉም። ኮከቡ የሌለበት ድል ለካ ለፌስቡክ አይሆንም።

ሦስተኛ። አሠልጣኙ፣ «ናቲ ኳስ ባይነካ እንኳ ሁለት ተከላካይ ይዞ ይሄዳል፣ ለሌሎቹ ሜዳው ይከፈታል» ይላሉ አሉ። እሰይ! እንግዲያው የሚያስፈራው ስሙ ከሆነ ልጄን ለምን ያለፋሉ? ማሊያውን እንጨት ላይ ሰቅለው ሜዳው ዳር ይትከሉት። አገር ቤት ወፍ ከማሽላ የምናባርረው እንዲሁ ነበር፣ ወፎቹም ከዴን ሃግ ተከላካዮች የባሱ ሞኞች አልነበሩም።

አራተኛውን ባልጽፈው እወድ ነበር፤ ነገር ግን ውሸታም ናት እንዳይሉኝ እጽፈዋለሁ። ልጄ ሲዘል አይቻለሁ። እጆቹን ዘርግቶ ከሁሉም በላይ ከፍ ሲል፣ ኳሷ ጣቶቹ ላይ ስታርፍ፣ የገዛ ጉሮሮዬ ሳላዘው እልል ብሏል። ስለዚህ እርስዎ ያዩትን አላየሁም አልልም። ያየሁትን ነገር ነው የፈራሁት። ዓይን የበዛበት ልጅ እናት እንቅልፍ የላትም።

አሁን ወደ አምስተኛው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቃል።

ከሦስት ሳምንት በፊት አምስተርዳም ላይ ናቲ ኳሷን ቀልቦ ሳይወርድ፣ ገና አየር ላይ እንዳለ፣ የዚያኛው ቡድን ልጅ በቁሩ ራሱን መታው። ወደቀ። ተነሣና ወደ ተቃራኒው ቡድን ወንበር ሄዶ ሊቀመጥ ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ቀልድ መስሎኝ። ውኃ አጠጥተው መልሰው አስገቡት፣ መጨረሻ ላይም ያቺን ጨዋታ ያሸነፈችውን ኳስ ቀለበ። እርስዎ እሳት እሳት የሚል ምልክት ደርድረው የለጠፉት፣ አገር ያጨበጨበለት ቪዲዮ እሱ ነው። ልጄ ግን ያንን ኳስ መቅለቡን አያስታውስም። ቪዲዮውን አሳይቼው፣ የሌላ ሰው ልጅ እንደሚያይ ሆኖ ነው ያየው።

በቋንቋችን ኳስ የሚይዝም ይቀልባል፣ ልጅ የሚያበላም ይቀልባል። ሃያ ዓመት የቀለብኩት ልጅ እርስዎ ዘንድ ኳስ ሲቀልብ ቀልቡን አጣ። ቤታችን መጋረጃ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ጎረቤቶቼ ሆላንዶቹ ሰው የሞተብን እየመሰላቸው በደረጃው ላይ ድምፃቸውን ይቀንሱልኛል። ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ሲመለስ ዙይድፕላይን መውረዱን ረስቶ ሜትሮው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ወሰደው። ከዚያ ደወለልኝና፣ «ማማ፣ የምንወርደው የት ነበር?» አለኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወርድበት ፌርማታ ነው። ስልኩን እንደያዝኩ ኩሽና ውስጥ ቁጭ አልኩ።

ሁይስአርትዋ፣ የቤተሰብ ሐኪማችን ማለቴ ነው፣ ሌላ ምት ከደረሰበት የሚሆነውን አላውቅም አለችኝ። በዚህ አገር ሐኪም «አላውቅም» ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ፓራሲታሞል ነው የሚያዙት። በዚህ ጊዜ ፓራሲታሞል አላለችኝም። ይህንኑ ልነግርዎ ደጋግሜ ስደውል ቆይተው አንድ ቀን አነሡና፣ «እህት የትነበርሽ፣ ልጁ ደህና ነኝ ብሎናል፤ ደግሞም አሥራ ስምንት አልፎታል፣ በዚህ አገር ሕግ እናት አያገባትም» አሉኝ። ለሕግ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ደህና ነኝ ያለዎት ልጅ የቤቱን መንገድ የረሳው ልጅ መሆኑን ግን ሕጉ ነግሮዎት ይሆን?

እናቴ ለምን የትነበርሽ ብላ እንደሰየመችኝ እርስዎ ያውቃሉ፤ ብዙ ዘግይቼ የተወለድኩ ልጅ ስለነበርኩ ነው። ስሜን ለአንድ ቀን ላውስዎት። ልጄ አምስተርዳም ላይ ሲወድቅ እርስዎ የት ነበሩ? እኔ ልንገርዎት፤ ከእኔ አጠገብ ቆመው ስልክዎን ከፍ አድርገው ይቀርጹ ነበር። ናቲ ሲወድቅ ቀረጹ። ሲነሣ ቀረጹ። ወደ ተሳሳተው ወንበር ሲሄድ ግን አቆሙ። ያን ጊዜ ቆርጠው ያስቀሩት ነገር አለና፣ እርስዎም እንደ እኔ አይተዋል ማለት ነው።

ውለታ ቢስ እንዳይሉኝ ደግሞ ይህን ልጨምር። የአራት ዓመት ልጄን ይዤ ሮተርዳም ሴንትራል ስደርስ፣ ቋንቋ ሳላውቅ፣ ሰው ሳላውቅ፣ ቆመው የጠበቁኝ እርስዎ ነበሩ። ሻንጣዬን ከእጄ ተቀበሉኝ። ናቲን አቀፉት፣ ትከሻዎ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ያንን እስክሞት አልረሳም። ሻንጣዬን በማግስቱ መልሰውልኛል፤ ልጄን ግን እስካሁን አልመለሱልኝም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሑድ ናቲን አያሰልፉት። እሱ እኔን አይሰማኝም፤ እርስዎን ግን ይሰማል፣ «አንተ» እያለ የሚጠራዎት ቢሆንም ቃልዎ ለእሱ የአባት ቃል ነው። አንተን አንፈልግህም ይበሉት። ዋጋ የለህም ይበሉት። ይጥላዎት። እኔንም ይጥላኝ። በሕይወት ያለ ልጅ ቢጠላኝ ምን ገዶኝ!

እሑድ ዴን ሃግ እመጣለሁ። ከመስመሩ ዳር፣ እርስዎ ከሚቀርጹበት ቦታ አጠገብ እቆማለሁ። ልጄ ማሊያውን ለብሶ ሲወጣ ካየሁ አልጮህም፣ አላለቅስም፤ እርስዎን ብቻ ነው የማየው፣ ጨዋታው እስኪያልቅ።

ለክለብዎ ድልን፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለማስታወስ ችሎታዎ ደግሞ ከሁሉ አብልጬ ጽናትን እየተመኘሁ፣ በቅንነትዎ የማልጠራጠር፣ በስልክዎ ግን ተስፋ የቆረጥኩ፣

የከዋክብት እናት መሆን ያቃታት እህትዎ፣
የትነበርሽ አስራት

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለናቲ አነበብኩለት፤ ራሱ እንዳያነብ ስክሪኑ ያመዋል። ማሊያውን እንጨት ላይ ይስቀሉት ያልኩበት ላይ ከት ብሎ ሳቀ። መጨረሻው ላይ ግን፣ «ማማ፣ ዱ ኖርማል፣ እንደ ሰው ሁኚ እንጂ! በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ፣ በሩንም በላዬ ላይ ዘጋው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ መቆጣት የጤና ነው አልኩ። ሻይ አፍልቼ አንኳኩቼ ስገባ ጨለማው ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና በለሰለሰ ድምፅ፣ «ማማ፣ ለዓለማየሁ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብለሽኝ አልነበር? መቼ ነው የምትጽፊው?» አለኝ።