የተጠሙት ጥጆች

ቅዳሜ፣ ሰኔ 2
ስድስቱም ጥጆች ወተታቸውን ጨረሱ። ከንጋቱ ሱብሒ ሶላት በኋላ አንዴ፣ ከሰዓት ከዐስር በኋላ አንዴ። ለቤት ሰራተኝነት ነበር የመጣሁት... ይኸው ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ መዝረዓ፣ የከብት እርሻ ውስጥ፣ የጥጃ ሞግዚት ሆኛለሁ። ቤቱም አልቀረልኝም። ላሞቹን የሚያልበው ሀሺም ነው። እንደኔው የወሎ ሰው። ከሰላምታ ሌላ ብዙ አናወራም።
ዛሬ ከፊሉ፣ ያስመጣኝ አሰሪዬ፣ አዲስ ከረጢት አመጣ። ነጭ ዱቄት። «ማጠናከሪያ ነው። ቪታሚን አለው፣ ማዕድን አለው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ማንኪያ ከወተቱ ጋር» አለኝ። ውሃስ ብለው፣ «ጥጃ ወተት ይጠጣል፣ ውሃ ያስቀዝነዋል። እንዳትሰጪ» አለ። እሺ አልኩ። ከብቱ የሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 5
ከረጢቱ ቶሎ ጎደለ። በቀን አስራ ሁለት ማንኪያ ይሄን ያህል ያጎድላል? ዱቄቱ የደረሰበት ላይ፣ በላስቲኩ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 6
ከመስመሩ አራት ጣት ወርዷል! ከረጢቱ ያለበት መጋዘን የምንገባው ሦስት ሰዎች ነን። እኔ፣ ሀሺም፣ ከፊሉ። ከፊሉ የገዛ ዕቃውን ምን ብሎ ይሰርቃል? ሀሺም በየሳምንቱ ጅዳ፣ ካራንቲና ሰፈር ወዳጆቹ ጋ ይሄዳል። እዚያ የማይሸጥ ነገር አለ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 7
ቀትር ላይ ሀሺምን ያዝኩት። ባልዲ በጨርቅ ሸፍኖ ጥጆቹ ጋ ሲገባ። ሲወጣ ባልዲው ባዶ ነው።
«ምንድን ነው የምትሰጣቸው?»
«ምንም።»
«ባልዲውስ?»
«ላጥበው ነው። ስራሽን ስሪ እህቴ።»
ዓይኔን አላየኝም። ምንም የሌለው ሰው ባልዲ ይሸፍናል?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 9
ትንሿ ጥጃ ሞተች። ጠዋት ጥርሷን ታፋጭ ነበር። ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች፣ እግሯ ተንቀጠቀጠ፣ ወደቀች። ከፊሉ በጣቱ እየጠቆመ፣ «ሌላ ከሞተ ወደ አገርሽ ነው። ኸላስ፣ አለቀ» አለኝ። ከመጣሁ ገና ሰባት ወሬ። ቤት ምን ብዬ እገባለሁ?
ያ ባልዲ ከፊቴ አልጠፋ አለ።

ሰኞ፣ ሰኔ 11
ነገርኩ። ለማዳም፣ ለከፊሉ ሚስት። «ሀሺም ለጥጆቹ የሆነ ነገር በድብቅ ያጠጣቸዋል። ዱቄቱም እየጠፋ ነው።» መርዝ ይሆን ወይ አለች። «ሊሆን ይችላል» አልኩ። አላየሁም... ግን አልኩ።
ከፊሉ አንድም ነገር አልጠየቀውም። ልብሱን በፌስታል አሲዞ በር ላይ አቆመው። ሀሺም ወደኔ ዞሮ፣ «ጥጆቹን...» ብሎ ጀመረ። ከፊሉ «ያላ!» ብሎ ገፋው። ምን ሊለኝ ነበር? ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። የት ይገባል?
ቢሆንም ተገላገልን።

ረቡዕ፣ ሰኔ 13
አልተገላገልንም። ጥጆቹ ባሰባቸው። ዓይናቸው ጎድጉዷል። አንዷ የክንዴን ላብ እየላሰች አልለቅም አለችኝ። ሌላዋ የጓደኛዋን ሽንት ስትጠጣ አየሁ።
ከረጢቱ ዛሬም ወርዷል። ሀሺም የለም። ታዲያ ማን?

ሐሙስ፣ ሰኔ 14
ከሱብሒ በኋላ ራሴ ያለብኩትን ወተት በየባልዲው ቀድቼ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ቆሜ ጠበቅኩ። ከፊሉ መጣ። ከረጢቱን ከፈተ። በእጁ እየዘገነ... በየባልዲው አንዳንድ እፍኝ! ቢስሚላህ እያለ። ጥጆቹን እያሻሸ፣ «የወንድሜን ጥጆች ትበልጣላችሁ» ይላቸዋል። ይወዳቸዋል እኮ።
ረፋድ ላይ ቦቃዋ ጥጃ ሞተች። ሁለተኛ። ከፊሉ ጅዳ ሄዷል፣ እስከ እሁድ አይመለስም፣ አልሰማም።
ዘሀራ ጋ ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ ናት፣ መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ሱቅ ውስጥ ትሰራለች። ሰው በሰው አጠያይቃ የሀሺምን ስልክ አገኘችልኝ። ደወልኩ።
«አንቺ ነሽ ያስባረርሽኝ?»
«እኔ ነኝ።» ውሸት አልወጣ አለኝ። «ጥጆቹ እየሞቱ ነው።»
«ዱቄቱን ቅመሺው» አለኝ።
ቀመስኩት። ጨው! ምላስ ያቃጥላል።
«መጥፎ ነገር አይደለም። ግን ውሃ ይፈልጋል። እኔ ትልቅ የከብት እርባታ ሰርቻለሁ። ውሃ በሌለበት ጨው አናት ላይ ይወጣል። ቀትር ላይ ስሰጣቸው የነበረው ውሃ ነው።»
ውሃ። በጨርቅ የተሸፈነው... ውሃ።
«ለምን አልነገርከኝም?»
«የማዳም ጆሮ ነሽ ብዬ። ብነግርሽ በነጋታው ታወሪያታለሽ አልኩ። ተሳሳትኩ?»
«አልተሳሳትክም።»
ስልኩን ሊዘጋው ሲል፣ «በአንዴ እንዳታጠጫቸው። ጠምቷቸዋል ብለሽ ባልዲ ብትሰጫቸው ይሞታሉ። በየሰዓቱ አንዳንድ ጣሳ። ለጥጆቹ ብዬ ነው የነገርኩሽ፣ ላንቺ አይደለም» አለ።

አርብ፣ ሰኔ 15
በየሰዓቱ አንዳንድ ጣሳ። ዱቄቱን ደበቅኩት። አራቱም በሕይወት አሉ።

እሁድ፣ ሰኔ 17
ሦስቱ ቆሙ። አራተኛዋም ጆሮዋን ማንቀሳቀስ ጀምራለች።
ከፊሉ ስለ ቦቃዋ ሊጮህብኝ መጣ። ከረጢቱን ፊቱ አስቀመጥኩ። «ቅመሰው» አልኩት። ቀመሰ፣ ተፋው። ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ ራሱ አነበበው። ንጹህ ውሃ ሁልጊዜ ከፊታቸው አይጥፋ ይላል። ደግሞ አነበበው። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት።
«ሀሺም የሚሰጣቸው ምን ነበር?»
«ውሃ።»
«መርዝ ነው አላችሁኝ።»
«እኔ ነኝ ያልኩት። ሳላይ ነው ያልኩት። ዋሽቻለሁ።»
ያባርረኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ሀሺምን ጥሪው» አለ። ጥፋቴ ነው አላለም። ከሰዓት ግን ከታንከሩ እስከ ጥጆቹ ራሱ የውሃ ጎማ ዘረጋ።

አርብ፣ ሰኔ 22
ሀሺም ስልክ አላነሳ ስላለኝ ከፊሉን አስፈቅጄ ሄድኩ። ዘሀራ ከመካ መጣችና አብረን ካራንቲና ገባን። ሀሺም ሲሚንቶ ሲያወርድ አገኘነው። ፀጉሩ በሲሚንቶው አቧራ አመድ መስሏል።
«ስንት ተረፉ?» አለኝ፣ ከሰላምታም በፊት።
«አራት።»
«አልሐምዱሊላህ።»
ከፊሉ ተመለስ ብሎሃል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እዚያ ግቢ ዳግመኛ አልገባም።»
«አውፍ በለኝ ሀሺም፣ ይቅር በለኝ።»
«አፌ አውፍ ይልሻል። ልቤ ግን ገና ነው። አልዋሽሽም።»
ሌላ የሲሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ ገባ። ዘሀራ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። እስክንወጣ ዞሮ አላየንም።

ሰኞ፣ ሰኔ 25
አዲስ አላቢ መጣ። ባንግላዴሻዊ ነው፣ በምልክትና በጥቂት ዐረብኛ ነው የምንግባባው። ማዳም ወደ ኩሽና ጠራችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ተከታተዪው። የሚሰራውን እየነገርሽኝ» አለች።
«የምጠራጠረው ነገር ካለ ራሱን እጠይቀዋለሁ ማዳም። አንቺም እሱን ጠይቂው» አልኳት።
አፍጥጣ አየችኝ። አየኋት። ጥጆቹ ይጮሁ ነበርና ወጣሁ።