ናጅዋ የነበርሽባቸው አምስት ዓመታት

መርሳ፣ የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ለምቆጣሽም እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ያ ጉልበትሽን ሲያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? እዚህ በልጉ እስካሁን አልጣለም፤ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። “እኛ ሁላችን ደህና ነን” ብዬ ልቀጥል ነበር። ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚጀመረው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኳት። ስለዚህ ዘልያት ወደ ጉዳዬ ልግባ።

በስልክ የላክሽልኝን የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ፣ ትርጉሙን ከጎኑ እንደጻፍሽው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የፈራሽው ዘጠነኛው ጥያቄ ነው። ወደ ስዊድን ከመምጣትሽ በፊት በየትኛው አገር ኖረሻል? የመኖሪያ ፈቃድ ነበረሽ ወይ? በሌላ ስም ተጠርተሽ ታውቂያለሽ ወይ? አንቺም ከ2002 እስከ 2007 ዓ.ም. መርሳ፣ እናታችን ቤት እንደነበርሽ የሚመሰክር ወረቀት ጽፌ፣ ሁለት ሽማግሌ አስፈርሜ እንድልክልሽ ጠየቅሽኝ። “አንድ ወረቀት ብቻ፣ ወንድም ጋሼ” አልሽኝ።

ተናደድኩ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ሲሪንቃ የምርምር ማሳ ላይ ማሽላ ስለካ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ወፍ የበላውን መደብ “ዜሮ” ብሎ ከመዘገበ ባልደረባዬ ጋር ሁለት ዓመት ተኳርፌ አውቃለሁ። ዜሮ ማለት ለክቼ ምንም አላገኘሁም ማለት ነው። ያልተለካ ነገር ባዶ ይተዋል እንጂ አይሞላም። አንቺ ግን ሪያድ የኖርሽበትን አምስት ዓመት በመርሳ ሙላልኝ ትዪኛለሽ።

ቢሆንም ሄድኩ። አልዋሽሽም፤ ለአንቺ ብዬ ወልድያ ድረስ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አለ። ነገሩን ሳልጨርስለት ወረቀቱን አስተካክሎ፣ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ ቀና ብሎ አየኝና፣ የስንት ዓመት ይሁንልዎ አለኝ። አምስት አልኩት። ትንሽ ሰፋ ቢል አይሻልም ወይ፣ ኋላ እንዳይጠብባት አለኝ። ከጎኑ የተቀመጡት ሳቁ። እኔም ሳልስቅ ተነስቼ ሄድኩ። እስከ መርሳ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር።

እነዚያን ዓመታት እኮ እኔም አውቃቸዋለሁ። ወደ ሪያድ የሚልክሽ ደላላ የክርስቲያን ስም ይዛ ከሄደች ቤት አያስገቧትም ብሎ ሲያስፈራራን፣ ጎረቤታችን እትዬ ዓቢዳ የልጃቸውን ስም ሰጡሽ። የናጅዋ ስም ሰፊ ነው፣ ለሁለት ይበቃል ብለው ያን ሁሉ ለቅሶ ወደ ሳቅ የቀየሩት እሳቸው ናቸው። እንዳትጋለጪ ሻሽ አስተሳሰሩን፣ ስግደቱን፣ ሰላምታውን አንድ ሳምንት ሙሉ ያስጠኑሽም እሳቸው ናቸው። በመጨረሻው ቀን እናታችን ማተብሽን በጥርሷ ፈትታ፣ ሌላ ማስቀመጫ አላምንም ብላ፣ ከራሷ ማተብ በላይ አሰረችው። ስትመጣ ራሴ አስርላታለሁ፣ እስከዚያ ከአንገቴ አይወርድም አለች። ቄሱ ሁለት ማተብ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋት፣ አንዱ የእኔ ነው፣ አንዱ የአደራ ነው ብላ መለሰችላቸው።

ይህን ሁሉ ነው በአንድ ወረቀት እንዳልነበረ አድርግልኝ የምትዪኝ። ናጅዋ ሌባ አልነበረችም። የሰው ልጆች አሳድጋለች፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ በሕግ አሳድሳለች፣ እናቷን ጦራለች። አሠሪዎችሽ ለሽርሽር ይዘውሽ ስዊድን ሲገቡ ጠፍተሽ ጥገኝነት የጠየቅሽ ጊዜ፣ በክርስትና ስምሽ፣ በቀጥታ ከአገሬ መጣሁ አልሽ። ፈርተሽ ነው፤ ያኔም አልፈረድኩብሽም። አሁን ግን ጠበቃሽ ራሷ፣ አንቺ ቀድመሽ ከተናገርሽው ማብራሪያ ነው፣ እነሱ ቀድመው ካገኙት ግን ማታለል ነው ብላሻለች። ትክክል ብላለች። በሪያድ የሰጠሽው የጣት አሻራ ስም አይቀይርም።

ለምን እንደቸኮልሽ ይገባኛል። በያዝሽው የስደተኛ ሰነድ ወደ አገርሽ መግባት አትችዪም። ፓስፖርቱ ከወጣ በሳምንቱ መርሳ ነኝ ብለሻል። እውነቱን ጽፌ ቢከለክሉኝስ፣ እማዬን ሳላያት ብትሞትብኝስ ብለሽ ያለቀስሽበት እሁድ ትዝ ይልሻል? ኔትወርኩ ተቋረጠ አልኩሽ። አልተቋረጠም ነበር። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ አንቺን እንዲህ የገሠጽኩ ሰው የራሴንም ቅጽ ልሙላ።

በነሐሴ ፎቶዬን አይተሽ ጢምህን ምነው አሳደግኸው አልሽኝ። ለመላጨት ሰነፍኩ አልኩሽ። በመስከረም እናታችንን አገናኘኝ ስትዪኝ ጠበል ሄዳለች አልኩሽ። በጥቅምት ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አትሰማም አልኩሽ። በኅዳር ድምፅዋን እንኳ ቅዳልኝ ስትዪኝ የድሮ ቅጂ ፈልጌ ላክሁልሽ፤ አንቺም ድምፅዋ ተሻሽሏል ብለሽ ደስ አለሽ። ያን ቀን ማሳ ውስጥ ገብቼ ማንም እንዳያየኝ ተቀመጥኩ። ለገና የላክሽላት ሹራብ ሳይፈታ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ልክ ሆናት ወይ ብለሽኝ፣ ልኳ ነው አልኩሽ። ከሐምሌ አጋማሽ ወዲህ በየሳምንቱ የተደዋወልንበትን ቆጥሬዋለሁ፤ ሠላሳ እሁድ ነው። በሠላሳውም ዋሽቼሻለሁ። ያልለካሁትን ሞላሁ።

ይህን የወሰንነው ተሰብስበን ነው። አክስታችን ሙሉወርቅ መሬት ላይ እንደተቀመጡ፣ ወረቀቷ ይውጣላትና ትስማ አሉ። እዚያ በረዶ ላይ ብቻዋን ሆና ማን ይይዛታል፣ ማን ውሃ ይረጭባታል አሉ። የተማርከው አንተ ነህ፣ ጠብቃት፣ አንድ ነገር ብትሆን በአንተ ነው አሉኝ። እኔም፣ በአንድ ቁጥር ከባልደረባዬ የምኳረፈው ሰው፣ እሺ አልኩ። መንግሥት እስኪፈቅድልሽ ድረስ እንባሽንም አስቀመጥንብሽ። አሁን ሳስበው ያንቺ ጥያቄ ያናደደኝ ውሸት ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። “እናታችን ቤት ነበረች ብለህ ጻፍ” ስትዪኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ዓቢዳን ለምስክርነት ጠየቅኳቸው። ሐሰት ሊያስፈርመኝ መጣ ብለው ደነገጡ። እውነቱን ነው የምጽፈው ስላቸው፣ አንተ ሰውዬ፣ እኔ ለልጅቷ የልጄን ስም ሰጠኋት፣ እናንተ የሥጋ ዘመዶቿ እንባዋን ለምን ከለከላችኋት አሉኝ። በዚያው ዕለት ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ዘጠነኛውን ጥያቄ በእውነት ሙዪው። ሪያድ አምስት ዓመት፣ ናጅዋ በሚባል ስም፣ በኢቃማ ብለሽ ጻፊ። ለምን ያንን ስም እንደያዝሽ፣ ለምንም እንደደበቅሽው ጨምሪ። እኔና እትዬ ዓቢዳ የፈረምንበት ምስክርነት ከዚህ ጋር አለ፤ ሁሉም እውነት ነው። እሳቸው ፊደል አልቆጠርኩም ብለው በአውራ ጣታቸው ነው የፈረሙት።

ገጽ ሁለት ላይ ስለ ወላጆችሽ የሚጠይቅ ሠንጠረዥ አለ። “እናት” ከሚለው ትይዩ የጻፍሽውን አይቼዋለሁ። እሱን ሰርዢውና ለጊዜው ባዶ ተይው። ደብዳቤዬን ያመጡልሽ ሰዎች ካነጋገሩሽ በኋላ ትሞዪዋለሽ።

ስዊድኖቹ ቢያዘገዩብሽ፣ ተጨማሪ ቢጠይቁሽ፣ ዓመትም ቢጨምሩብሽ አትጨነቂ። እህቴ፣ ከእንግዲህ የምትቸኩዪበት ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም። የመካኒኩ የወልዴ ልጅ ሩት ለጥምቀት መጥታ ነበር፤ ረቡዕ ትመለሳለች። አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው የምትኖረው። ብቻዋን እንዳትመጣ፣ ከቤተ ክርስቲያናችሁ ቄሱንና የማኅበርሽን ሴቶች ይዛ፣ ማለዳ፣ ወደ ሥራ ሳትወጪ እንድትደርስ አስምያታለሁ። መጀመሪያ ደብዳቤዬን ታንብብ፣ እስክትጨርስ ምንም አትበሏት ብዬ ለምኜአለሁ። የአገራችንን ሥርዓት ታውቂያለሽ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ በወረቀትም አይጻፍም። እኔም አልጻፍኩትም።

ፖስታው ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታገኚያለሽ። ሁለት ነበሩ። አንዱ ከባለቤቱ ጋር ሄደ። ይህኛው የአደራው ነው። እኔ ራሴ ነኝ የፈታሁት፤ እጄ አልችል ቢለኝ እንደ እሷ በጥርሴ ፈታሁት። ቄሱ አንገትሽ ላይ ይሰሩልሽ።

በእኔ መቆጣት መብትሽ ነው። ሠላሳውን እሁድ አንድ በአንድ ጠይቂኝ፣ ሁሉንም እመልስልሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ስልክ አልዘጋብሽም። ድንግል ማርያም ታጽናሽ። ለእናቷ የደከመች ልጅ አትወድቅምና አትወድቂም። እዚያ የሚይዝሽ ክንድ አይጥፋ፤ ለአገርሽ ምድር በሰላም ታብቃሽ።

አሁን ቀና በይና ከፊትሽ የተቀመጡትን ሴቶች እያቸው። ነጠላቸውን እንዴት እንዳደረጉት እያቸው።

ታላቅ ወንድምሽ