ዜሮ ስላገኘው ድርሰትና ማኅተም ስለተመታበት ይቅርታ

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠበቀ፣ ዕረፍትዎም እንደ ወንበርዎ የተደላደለ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አባት ነኝ። ሙያዬ አናጺነት፣ ትምህርቴም እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ብዕሬ ቢወላገድ ይቅርታዎ አይለየኝ።

የመጻፌ ምክንያት፣ ትምህርት ቤትዎ ከፈተና በፊት በሰጠው የአሳማኝ ድርሰትና የሒሳዊ ንባብ ክለሳ ልጄ ስላገኘችው ዕውቀት ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ በርከት ስለሚል ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩ኛ. ልጄ ሐሳብን በማስረጃ መደገፍን፣ የሰውንም ጽሑፍ «ይህን ያለው ማን ነው? በምን አወቀ?» እያሉ ማንበብን ተምራለች። ልምምዱን የጀመረችው በእኔ ላይ ስለሆነ፣ የእናቷን ቁም ሣጥን «በሚቀጥለው ሳምንት እጨርሰዋለሁ» ላልኩት ንግግር ማስረጃ ጠይቃኝ አጥቻለሁ።

፪ኛ. በክለሳው መጨረሻ «ትምህርት ቤታችን ለንባብ የተመቸ ነው፤ ደግፋችሁ ወይም ተቃውማችሁ ጻፉ» የሚል ጥያቄ ቀረበላት። የዋህ ናትና «ወይም» የሚለውን ቃል አምና ተቃወመች። ቤተ መጻሕፍቱ ከተዘጋ ሰባት ወር እንደሆነው፣ በመስኮት ሲታይም ከመጻሕፍቱ ፊት የእርስዎ አዲስ ሶፋ ከነላስቲኩ እንደተቀመጠ በሦስት አንቀጽ አስረዳች። መምህሯ ከሃያ አሥራ ዘጠኝ ሰጥተዋት ነበር። እርስዎ ግን ከሥራ ብዛትዎ መካከል ጊዜ ሰውተው፣ ወረቀቱን አስመጥተው፣ በገዛ እጅዎ ዜሮ ስላደረጉት ውለታዎ አይዘነጋም።

፫ኛ. አስጠርተውኝ በመጣሁ ጊዜ ቆሜ እንድሰማ ስላደረጉኝ ወገቤን አፍታትቻለሁ። «ልጅህ ምላሷ ሾሏል፤ ይቅርታ ጽፋ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፣ ለሌላው መቀጣጫ ይሆናል» አሉኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሺ አልኩ፤ በዚያ እሺታዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ልጄ እንደታዘዘችው ጻፈች። «ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብላ ጀምራ፣ ሰባት ወር ማለቷ ስህተት እንደነበረ፣ ደግማ ብትቆጥረው ስምንት ወር ከአራት ቀን ሆኖ እንዳገኘችው፣ ሶፋውም አንድ ሳይሆን ሁለት እንደሆነ አርማ፣ ለመሳሳቷ ዝቅ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። እርስዎም የመጀመሪያውን መስመር አይተው ፈረሙ፤ ማኅተምም መቱበት። ወረቀቱ ተለጥፎ አራት ቀን ሙሉ ተማሪው እየተጋፋ ሲያነበው ሰነበተ። በአምስተኛው ቀን ለጉብኝት የመጡት የበላይ ኃላፊዎችም ቆመው አነበቡት፤ ከሰዓት በኋላ ሶፋዎቹ ወጡ፣ ቤተ መጻሕፍቱም ተከፈተ።

እርስዎ ልጄን ጠርተው ይህ ምን ማለት እንደሆነ በጠየቋት ጊዜ፣ «ሲፈርሙበት ያነበቡት መስሎኝ ነው» ብላ መለሰችልዎ። ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም።

፬ኛ. ቤተ መጻሕፍቱ ቢከፈትም ዜሮው ባለበት ጸንቷል። በሚቀጥለው ፈተና ልጄ ለቀረበላት ሐሳብ «ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ» ብላ አንድ ገጽ ሞላችና ከሃያ አሥራ ስምንት አገኘች። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ደፍታው ወደ ክፍሏ ገባች፤ ምሳም አልበላችም። የተጣመመ እንጨት በምን እንደሚቃና አውቃለሁ፤ ይህን ግን በምን እንደማቃናው ቸግሮኛል።

ስለዚህ ያንን የመጀመሪያ ድርሰት ከአናቱ እስከ እግሩ አንብበው፣ መምህሯ የሰጧትን ውጤት እንዲመልሱላት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለላቀው ሥልጣንዎ የሚገባውን አክብሮት ሳላጓድል፣ በዚህ ጊዜ ግን ቀና ብዬ የቆምኩ፣
የተማሪዋ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ ወደፊት አስተማሪ መሆን እንደምትፈልግ ገልጻ ሦስት ምክንያቶች አቅርባልኛለች። ሁለቱን ረስቻቸዋለሁ፤ ሦስተኛው እርስዎ ነዎት።